ደግሞ ያቺኑ ለበስሽ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከባሕር ዳር ነኝ። ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። ከኋላ የባጃጅ ጡሩምባ ከሰማችሁ ታገሡኝ፤ መስኮቱን ብዘጋው ሙቀቱ አያስቀምጠኝም። ሚያዝያ ነው። ባሕር ዳርን በሚያዝያ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

የዛሬ ወሬዬ ስለ አንዲት ቲሸርት ነው። ነጭ ናት፤ ጥቁር ሰማያዊ መስመር በአግድም እየተደረደረ ይወርድባታል። አንገቷ ሰፋ ያለ ነው። እጅጌዋ ክርኔ ላይ ያበቃል። በቃ፣ ይኸው ናት። አትሳቁ እንግዲህ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ሥራ ሁሉም ያወራል።

በቀደም ቢሮ ስገባ አንዷ ባልደረባዬ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ደግሞ ያቺኑ ለበስሽ?» አለችኝ። ክፋት የለባትም። ያየችውን ሳትናገር አታድርም፣ እሷ እንደዚያ ናት። እኔም ስቄ አለፍኩ። ግን ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ምክንያቱም ያቺን ቲሸርት የገዛኋት ደጋግሜ እንድለብሳት ነው። ሥራዋ እሱ ነው።

ስለ አለባበስ የሚያወሩ ሰዎችን ብትሰሙ «ቁም ሳጥናችሁ ውስጥ አንድ ባለ መስመር ቲሸርት አይጥፋ፤ ከሁሉም ጋር ይሄዳል» ይሏችኋል። እውነት ነው፣ ይሄዳል። ያልነገሩን ነገር ግን አለ። መስመር ዓይን ይይዛል። ምንም የሌለበት ነጭ ቲሸርት ሳምንቱን ሙሉ ብትለብሱ ማንም ልብ አይላችሁም። አንድ ይሁን አምስት ማን ያውቃል? ባለ መስመሯን ግን ሰኞ ለብሳችሁ ሐሙስ ብትደግሙ፣ ቡና የምታፈላው ልጅ ሳትቀር ታስታውሳለች። ስለዚህ ከሁሉም ጋር መሄድ አንድ ነገር ነው፤ አለመታወቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ቁም ሳጥኑ ለሞላ ሰው ልዩነቱ ምንም አይደለም። ልብሱ በጣት ለሚቆጠር ሰው ግን ጉዳይ ነው።

ከተማው ሰፍቷል ይባላል። ሰፍቷልም። የምንመላለስበት መንገድ ግን ያው ነው። ጊዮርጊስ አካባቢ፣ ፓፒረስ፣ ከዚያ ሐይቅ ዳር። የሚያየን ሰውም ያው ነው። ፎቶ ደግሞ አለ፤ የልደት ፎቶ ላይ የለበስሽውን ለሠርግ መልስ ከደገምሽው፣ አስተያየት ላይ የሚጽፍ አይጠፋም።

እኔ የደረስኩበት ይሄ ነው፦ ይታወቅብኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የአባቶቻችንን ኮት አስቡት። ብዙዎቹ አንድ ኮት ነበራቸው። ለሠርግም እሱ፣ ለሽምግልናም እሱ፣ ለስብሰባም እሱ። ያ ኮት ከሩቅ ሲታይ «ጋሼ መጡ» እንል ነበር እንጂ «ደግሞ ያንኑ ለበሱ» ያለ ሰው አልሰማሁም። ኮቱ ሰውየውን ሆኖ ነበር። ታዲያ ለእኛ ሲሆን ለምን ያሳፍራል? ሴት ስለሆንን? ይመስለኛል። ወንድሜ ሁለት ጂንስና ሦስት ቲሸርት ይዞ ዓመቱን ይጨርሳል፤ ዞር ብሎ ያየው የለም።

እስቲ ስለ ዘሯ ትንሽ ላውራ። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ልብስ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 27 ቀን 1858 የወጣ ደንብ የመርከበኞችን የውስጥ ሹራብ በዝርዝር ደነገገው። 21 ነጭ መስመር፣ 20 ወይም 21 ሰማያዊ መስመር። ነጩ ወርዱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ሰማያዊው 10። ነጩ እጥፍ ነው ማለት ነው። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ነጩ ስለሚበዛ ቲሸርቷ ከሩቅ እንደ ነጭ ልብስ ትቆጠራለች። ከቀይ ጋር፣ ከአረንጓዴ ጋር፣ ከካኪ ጋር የማትጣላው ለዚህ ነው። ሁለቱ ቀለም እኩል እኩል ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የስፖርት ማልያ ይመስላል። 21ዱ መስመር የናፖሊዮን ድሎች ቁጥር ነው የሚል ወሬም አለ። ጥሩ ወሬ ነው። አፈ ታሪክ ነው እንጂ።

ከመርከብ ወርዳ የሴቶች ፋሽን የሆነችው በፈረንሳዊቷ የልብስ ዲዛይነር በኮኮ ሻኔል ዘመን ነው። ሻኔል በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 ዶቪል በምትባል የፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሱቅ ከፍታ ነበር። ያን ጊዜ ለወንድ የውስጥ ልብስ ይሠራበት የነበረውን ጀርሲ የሚባል ጨርቅ ለሴቶች ልብስ አደረገችው። የመርከበኛ አለባበስንም አብራ አመጣች። ሠዓሊው ፒካሶም በ1952 በተነሣው ዝነኛ ፎቶ ላይ እንደዚሁ ባለ መስመር ለብሶ ተቀምጧል።

እናቴ መጀመሪያ ያየቻት ቀን «የውስጥ ልብስ ለብሰሽ ነው ቢሮ የምትሄጂው?» ብላኝ ነበር። ታሪኩ ከእሷ ጋር ነው፣ ምን ላድርግ።

መስመር ደግሞ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ጃኖ ምንድን ነው? ነጭ ሸማ ላይ ሰፊ ቀይ ጥለት። ድሮ የመኳንንት ልብስ ነበር። ነጭ ላይ አንድ ቀለም ማሳለፍ ክብር እንደሚሰጥ አባቶቻችን ያውቁ ነበር።

ወደ ግዢው ልምጣ። የኔዋ ከቅዳሜ ገበያ ናት፣ ከሰልባጅ። ሻጩ ክምሩ አጠገብ ቆሞ «ምረጡ፣ ምረጡ!» ይላል። እናንተ ግን አትቸኩሉ። መጀመሪያ ገልብጧት። ውስጧ እንደ ውጪዋ ሰማያዊ ከሆነ፣ ክሩ ነው ቀለም የተነከረው፤ መስመሩ አብሮ ተሠርቷል። ውስጧ ፈዞ ውጪዋ ከደመቀ ግን መስመሩ ከላይ የታተመ ነው። እሱ ጥቂት ታጥቦ ይነጣል። ቀጥሎ ጎኗን እዩ፣ የብብት ስፌቱን ከላይ እስከ ታች። የፊቱ መስመር ከኋላው መስመር ጋር ስፌቱ ላይ ይገጥማል? ከገጠመ የቆረጠው ሰው ተጨንቆበታል ማለት ነው። መስመር ለማስገጠም ጨርቅ ይባክናል፣ ጊዜም ይወስዳል። የሚቸኩል ፋብሪካ አያደርገውም። ብራንዱን ከማንበብ ይሄ ስፌት ይሻላል። በመጨረሻ አንገቷን በሁለት እጅ ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት። ካልተመለሰ ተዉት። የተንዘላዘለ አንገት በምንም አይድንም።

እኔ ይሄን ሁሉ ስገለብጥ ሻጩ ሰለቸውና «እህቴ፣ ልትገዢ ነው ወይስ ልትሰፊ?» አለኝ። ልክ ነው። ግን ያቺ ስፌቷ የገጠመው ከክምሩ ሥር ነው የወጣችው።

አንዳንዴ ይገርመኛል። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነው። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው የተቋቋመው። የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ኢንስቲትዩት እዚሁ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ አለ። እኛ ደግሞ ቲሸርታችንን ከባሕር ማዶ በቦንዳ ታስሮ ከመጣ ክምር ውስጥ እንፈልጋለን። ይሄ ሌላ ክፍል ይወጣዋል፣ ልለፈው።

እንዴት እንደምለብሳት። ለቢሮ በጥቁር ሱሪ ነው፤ ፊቷን ብቻ ሱሪው ውስጥ አስገባለሁ፣ ኋላዋን እለቃለሁ። ስብሰባ ካለ ኮት እደርባለሁ። የኮቱን እጅጌ እስከ ክርኔ ጠቅለል ሳደርገው ከሥር መስመሩ ብቅ ይላል። ያቺ ትንሽ ነገር ልብሱን ሆን ብዬ እንደመረጥኩት ታስመስላለች። ማታ ሐይቅ ዳር ስንወጣ ከጣና በኩል ነፋስ ስላለ የጂንስ ጃኬት ይበቃል። እሑድ ደግሞ አበባ ያለበት ጉርድ ቀሚስ። «መስመርና አበባ እንዴት ይሆናል?» ትሉ ይሆናል። ይሆናል፤ ከአበባው ውስጥ አንዱ ቀለም ሰማያዊ ወይ ነጭ ከሆነ። ካልሆነ አይሆንም፣ መጋረጃ ለብሳችሁ የወጣችሁ ይመስላል።

ከነጠላ ጋር ግን ተጠንቀቁ። በጀልባ ዘጌ ስንሄድ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለመሳለም፣ ረጅም ቀሚስ ለብሼ ከላይ እሷን አድርጌ ነበር። ነጠላዬ ደግሞ ጥለቱ ደማቅ ነው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ወርቃማ። ጥለቱ በአንድ በኩል፣ መስመሩ በሌላ በኩል፣ ሁለቱም «እኔን እዩኝ» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ጥለቱ ቀጭን የሆነውን ነጠላ ነው የምይዘው። እሱም ደረቴን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ ቤተ ክርስቲያን ነውና።

የማትሄድበትም ቦታ አለ፣ አንዋሽ። ለቅሶ። እኛ ጋ ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም። ሥራ ላይ እያለሽ ስልክ ይደወላል፤ ከቢሮ በቀጥታ ትሄጃለሽ። ደማቅ መስመር ለብሶ ሐዘንተኛ ፊት መቀመጥ ይከብዳል፤ እናንተም አይመቻችሁ፣ ሰውም ያያል። ስለዚህ የቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ጥቁር ሹራብና አንድ ነጠላ አለ። ሹራቡን እስከ አንገቴ እቆልፋለሁ፣ ነጠላውን አዘቅዝቄ እለብሳለሁ። ቲሸርቷ ከሥር ጠፋች። ከሁሉም ጋር ይሄዳል የሚሉት ሰዎች ይሄን ቢያውቁ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ስለ ውፍረቱ። «አግድም መስመር ያወፍራል» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። ሄልምሆልትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሳይንቲስት ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተቃራኒውን አሳይቷል። ሁለት እኩል ካሬ ሣሉ። አንዱን በአግድም መስመር፣ ሌላውን በቁም መስመር ሙሉት። ረዘምና ቀጠን ብሎ የሚታየው በአግድም የተሞላው ነው። ሞክሩት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው የሚፈልገው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ደግሞ እንግሊዝ ሀገር ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ቶምፕሰን የሚባል ተመራማሪ አግድም መስመርና የቁም መስመር የለበሱ ሴቶችን ሥዕል ለሰዎች እያሳየ ፈተነው። አግድም መስመር ያወፍራል የሚለውን አላገኘውም። እኔ እንደማየው የሚያወፍረው ልክ ያልሆነ ልብስ ነው። ትከሻ ላይ የወረደ ስፌት፣ ሆድ ላይ የተወጠረ ጨርቅ። የተወጠረ መስመር ይጎብጣል፣ የጎበጠ መስመር ደግሞ ሁሉን ያወራል።

ደግሞ ውፍረት እኛ ሰፈር ስድብ ነው ወይ? ጎረቤታችን እትዬ በር ላይ ሲያገኙኝ «ወፈር ብለሽልኛል የኔ ልጅ፣ እሰይ» ነው ያሉኝ። ጉንጬን ሳሙኝ። ያን ቀን ቲሸርቷን ለብሼ ነበር። ምስጋናውን ለማን እንደምሰጥ አላውቅም።

እጥበት። ነጭና ጥቁር ሰማያዊ አንድ ጨርቅ ላይ ሲኖሩ አንዱ ሌላውን ሊያበላሽ ይችላል። በቀዝቃዛ ውሃ፣ ለብቻዋ፣ ሳትዘፈዘፍ ይሻላል። ዘፍዝፎ መርሳት ነው ሰማያዊውን ወደ ነጩ የሚያስኬደው። በረኪና አታስጠጓት። ስትሰጧት ገልብጧት፤ የኛ ፀሐይ ቀለም ይበላል። በትከሻዋም አትስቀሏት። እርጥብ ሆና ከከበደች ትለጠጣለች። ገመዱ ላይ በወገቧ እጠፏት።

ዓሣ ደግሞ አለ። ሐይቅ ዳር ተቀምጦ በእጅ ዓሣ ጥብስ እየበላ ነጭ የለበሰ ሰው ጀግና ነው። ዘይቱ ሰማያዊው መስመር ላይ ቢወድቅ አይታይም። የሚወድቀው ግን ሁሌም ነጩ ላይ ነው፣ ነጩ እጥፍ ነዋ። ወዲያው ደረቅ ሶፍት ተጫኑበት፣ አትሹት። ቤት ስትደርሱ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀብታችሁ ቆየት በሉና እጠቡት።

ሌላ ምን ቀረኝ? አዎ፣ ምረቃ እየመጣ ነው። ፎቶ ልትነሡ ከሆነ ጥቅጥቅ ብሎ የተደረደረ ቀጭን መስመር አትልበሱ። ካሜራ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ሞገድ ይሠራል፤ የቴሌቪዥን ሰዎች የሚሸሹት ለዚህ ነው። ሰፋ ያለ መስመር ግን ችግር የለበትም።

አንድ አድማጭ «ወንዶችስ?» ብሎ ጽፎልኛል። ወንድሜ፣ ልብሱ መጀመሪያም የእናንተ ነበር። ካኪ ሱሪና ነጭ ሸራ ጫማ ያዝበት። ጥቁርና ነጭ የቁም መስመር ከለበስክ ግን የጣሊያኑ እግር ኳስ ቡድን የጁቬንቱስ ማልያ መስሏቸው «ጁቬ!» እያሉ እንደሚጠሩህ እወቅ።

በሉ፣ መብራት ሳይሄድ ልጨርስ። ሳምንት ስለ ጫማ ነው፤ ባጃጅና አቧራ ባለበት ከተማ ነጭ ጫማ ማድረግ ዕብደት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እንከራከራለን። ሐሳባችሁን ጻፉልኝ። ቸር ሰንብቱ።