በጨርቅ ስር የሚነጋገሩ እጆች

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ተማሪዎች፣ ከድሬም ከባቢሌም ሐረር ድረስ የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ!

«ሲዲ ፎር» የሚለውን ያልሰማ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። በዚያ በኤች አይ ቪ ክፉ ጊዜ ሰው ለብቻው ተጠርቶ «ሲዲ ፎርህ ስንት ገባ?» ይባል ነበር። ከ200 በታች ከወረደ ቤቱ ሁሉ ይደነግጣል። ራሱ ሲዲ ፎር ምን እንደሆነ ግን ብዙም አልነገርናችሁም። ይሄ የኛ የጤና ሰዎች ጥፋት ነው።

ሲዲ ፎር፣ ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ገላ ላይ የተተከለ ሞለኪውል ነው፤ ሲቆጠር የነበረውም ይህን የተሸከመው ሴል ነው። እንደ እጅ ቁጠሩት። ግመል ገበያ ደላሎቹን አይታችኋል፤ በጨርቅ ስር እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ቃል ሳይተነፍሱ፣ በጣት ብቻ ዋጋ ይቆርጣሉ። ቲ ሴልም ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው፤ ሌላው ሴል ያቀረበለትን የፕሮቲን ቁራጭ ዳብሶ ነው ጠላትን የሚለየው። ሲዲ ፎር ያን ጊዜ ከጎን ሆኖ አጥብቆ ይይዝለታል። ኤች አይ ቪም የሚገባው ይህንኑ እጅ ጨብጦ ነው።

አንድ እጅ ግን አይበቃም። ሲዲ 28 የሚባለው ሌላው የቲ ሴል እጅ ደግሞ ከወዲያኛው ሴል «አደጋ አለ» የሚል ሁለተኛ ምልክት ማግኘት አለበት። ካላገኘ ቲ ሴሉ ይደነዝዛል። ከተነሳም በኋላ ሲቲኤልኤ 4 የሚባል ማብረጃ እጅ ይመጣና የሲዲ 28ን ቦታ ነጥቆ ያበርደዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ይህ ሞለኪውል የሌላቸው አይጦች ታይተው ነበር፤ ቲ ሴላቸው ያለ ልክ ተባዝቶ የገዛ ልባቸውን ሳይቀር ወረረው፣ በተወለዱ በወር ውስጥ ሞቱ። ስለዚህ «የመከላከል አቅም የሚጨምር» እየተባለ የሚሸጥ ዱቄት ሳይ ያንገበግበኛል። ማን ነው ሲጨምር ሁሌ ደግ ነው ያለው?

ካንሰርም ይህን የማብረድ ዘዴ ያውቅበታል። ፒዲ 1 የሚባለውን ሌላውን የቲ ሴል ማብረጃ ነክቶ ያስተኛዋል። ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤል የተሸለሙት እነዚህን ሁለት ማብረጃዎች ማስለቀቅ ካንሰርን ለማከም እንደሚረዳ ስላሳዩ ነው። መድኃኒቱ አንዳንዱን ታማሚ ያድናል፣ አንዳንዱን አንጀቱን ያቆስላል።

አንድ ልመና አለኝ። ሲዲ ፎሬ ጨምሯል ብላችሁ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያቆማችሁ ካላችሁ፣ የጨመረው መድኃኒቱ ቫይረሱን ስለያዘው ነው። ሳትሄዱ በፊት ለብቻችሁ አነጋግሩኝ፣ በሩ ጋ እጠብቃችኋለሁ።