ትከሻዬ እግሬ ነበር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት አመሻችሁ? ዛሬ ቬንትሌተሩን አጥፍቼዋለሁ፤ ባለፈው ድምፁ ቅጂው ውስጥ ገብቶ አስቸግሮን ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ ወሩ ግንቦት። የድሬን ግንቦት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይመልሰዋል። ሻሽ በውኃ ነክሬ አንገቴ ላይ ጠቅልያለሁ። የድሎት እንዳይመስላችሁ። እኔን ከደረቴ በታች አያልበኝም። ላብ እንዲወጣ የሚያዘው መልእክት ከአንጎል ተነስቶ የሚወርደው በሕብለ ሰረሰር ነው፤ የኔ ደግሞ አራተኛው የደረት አከርካሪ ጋ ሲደርስ መንገዱ ተቆርጧል። እንግዲህ ሻሹ እስኪደርቅ ላውራችሁ።

ባለፈው ሳምንት በዊልቸሬ ወደ ከዚራ ሰፈር ልሻገር ብዬ ደቻቱ ድልድይ አፍ ላይ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ሳለ፣ አንድ የባጃጅ ልጅ ወርዶ መጣና «እማማ፣ ልግፋሽ?» አለኝ። እማማ። 54 ዓመቴ ነው። እስካሁን እህቴ ተብያለሁ፣ እትዬ ተብያለሁ፤ እማማ ስባል የመጀመሪያዬ ነው። አልከፋኝም። ልጁ ሳያውቀው ትልቅ ነገር ነው የነገረኝ። እኔ እማማ ለመባል እደርሳለሁ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረምና።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1986 ቁልቢ ገብርኤልን ተሳልመን ስንመለስ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ መኪናችን ተገለበጠ። 22 ዓመቴ ነበር። ከሆስፒታል ወጥቼ ቤት ስገባ ዘመድ በሩ ጋ ሆኖ «ብዙ አትቆይም» ሲል እሰማ ነበር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። ለነገሩ አውሮፓም ቢሆን እንደዚያው ነበር። ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ሐኪም በፈረንጆቹ 1944 እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የሕብለ ሰረሰር ክፍል እስኪከፍት ድረስ፣ እንደኔ የተጎዳው ሰው አብዛኛው በአልጋ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ብዙም ሳይቆይ ይሞት ነበር። ጉትማን ካመጣቸው ነገሮች አንዱ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል፤ በሽተኛውን በየ2 ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም ማገላበጥ።

እናቴ ጉትማንን አታውቀውም። አንዲት ነርስ «በየ2 ሰዓቱ አገላብጪያት» አለቻት፣ አለቀ። ደወል ያለው ሰዓት ገዛች። የካቲት ላይ ረመዳን ገባ። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን «ለሱሁር መነሳቴ አይቀርም፣ የዚህ ሰዓት ተራ የኔ ነው፣ አንቺ ተኚ» አለቻት። ያንን ወር ሙሉ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ያገላበጠችኝ እሷ ናት። እጇ ሄል ሄል ይሸት ነበር። ዛሬም ሻይ ውስጥ ሄል ሲገባ፣ ጎኔን ማንም ሳይነካኝ የተገላበጥኩ ይመስለኛል። ሁለቱም አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር።

ያኔ ሁላችንም የተዘጋጀነው ለመትረፍ ነው። ለማርጀት አልተዘጋጀንም። እኔ ጉዳቱ አንድ ቀን ደርሶ ያለፈ፣ ከዚያ በኋላ እንዳለ የሚቀመጥ ነገር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እሱም ከኔ ጋር ዕድሜ ይቆጥራል።

ከትከሻዬ ልጀምር፤ የሚያመኝ እሱ ነዋ። ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ ሽንት ቤት፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ባጃጅ። እኔ መሻገር እለዋለሁ። በቀን ቢያንስ 15 ጊዜ በሁለት እጄ ራሴን አነሳለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መቁጠር ልማዴ ነው፤ አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ በ365 ቀን፣ በ32 ዓመት አባዛሁት። 175,200 ሆነ። ደነገጥኩ። ጎማ መግፋቱ እኮ አልተቆጠረም። ፊዚዮቴራፒስቱ እንዳስረዳኝ፣ ትከሻ የተሠራው እጅን ወደሚፈለግበት ለማድረስ ነው፤ የሰውን ክብደት እንዲሸከም የተሠራው ዳሌ ነው። እኔ ትከሻዬን ዳሌም እግርም አድርጌው ኖርኩ። ጅማቱ ተበጣጥሷል። ሌሊት በቀኝ ጎኔ ስተኛ የሆነ ሰው በጥፍሩ የሚቧጥጠኝ ይመስለኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚቆጨኝ የቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያለ ምክንያት የተነሳሁባቸው ጊዜያት። መቀመጫዬን ለማሳረፍ በየጊዜው ክንዴን ተመርኩዤ ብድግ እል ነበር፤ እንደዚያ ነው ያስተማሩኝ። ለካ ወደ ፊት ጉልበት ላይ ደፋ ማለት፣ ወይም አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ መቆየት ይበቃል፤ ቆዳውም ያርፋል፣ ትከሻውም ይተርፋል። ወጣቶች የምትሰሙኝ ካላችሁ፣ ዊልቸር ላይ ከተቀመጣችሁ ገና 2 ወይም 3 ዓመታችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ይህችን ያዙልኝ። ጉልበታችሁ ዛሬ ስለሞላ አታባክኑት።

አሁን የምሻገረው በሳንቃ ነው። የሰፈራችን አናጢ ከዋንዛ ጠርቦ ሠራልኝ፣ ርዝመቱ ከክንዴ ትንሽ ይበልጣል፤ ሁለት ጫፉን እንደ ምላስ ስስ አድርጎታል፣ አልጋውና ዊልቸሩ ላይ ጥሩ አድርጎ እንዲያርፍ። በየእሁዱ ሻማ እቀባዋለሁ። ነጠላዬን ጣል አድርጌበት በቀስታ፣ እየተንሸራተትኩ እሻገራለሁ፤ ከፍ ብሎ መውረድ ቀረ። የስፌት መኪናዬንም የእጅ መዘውሩን ትቼ ሞተር አስገጠምኩለት፣ የእግር መርገጫውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በክርኔ እጫነዋለሁ።

ቆዳዬ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። 26 ዓመት ሙሉ አንድም የአልጋ ቁስል አልነበረብኝም፣ በዚህም እኮራ ነበር። 48 ዓመቴ ላይ ወጣብኝ። ያው ስፖንጅ ነው፣ ያው ዊልቸር፣ ያው የመቀመጫ ሰዓት። ምንም አልቀየርኩም፤ የተቀየረው ቆዳዬ ነው። ሳሳ። 5 ወር በሆዴ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የእጅ መስታወት ይዤ መቀመጫዬን ሳላይ አልተኛም። ቀይ ነገር ካየሁና በጣቴ ስጫነው ካልነጣ፣ በማግስቱ አልቀመጥበትም፤ የሙሽራ ልብስ ቢደርስም አልቀመጥም። አጥንቱም እንደዚያው ነው፣ ያልቆመበት እግር አጥንቱ ይሳሳል። አንዴ አልጋ ላይ ስገላበጥ ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ያወቅኩት ሲያብጥ ነው።

አሁን የምነግራችሁን ግን በደንብ ስሙኝ፤ ነፍስ የሚያተርፍ ነገር ነው። ከ2 ዓመት በፊት በኢንፌክሽን ምክንያት ለጥቂት ቀን ካቴተር፣ ሽንት የሚያወጣ ቱቦ፣ ገብቶልኝ ነበር። አንድ ሌሊት ራሴን በመዶሻ የሚመታኝ ያህል አመመኝ። ፊቴ ቀላ፣ ግንባሬ ላቡን ያንጠባጥባል፣ ከደረቴ በታች ያለው ገላዬ ደግሞ ደርቆ ውርር ብሎታል። ጤና ተቋም ወሰዱኝ፣ የቱ እንደሆነ ይቅር። የደም ግፊቴን ለኩ፤ 150/95። የነበረው ወጣት ባለሙያ በትሕትና «እናቴ፣ በዚህ ዕድሜ ይሄ ያን ያህል አያስደነግጥም» ብሎ በጀርባዬ አስተኛኝ። ሰውነቴ ላይ ብዙ ነገር በዕድሜ መመካኘት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። የኔ ግፊት እኮ ጤነኛ ስሆን 90/60 ነው! ለኔ 150 ማለት እሳት ማለት ነው፤ አንጎል ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። መተኛት ደግሞ ያባብሰዋል።

የእህቴ ልጅ ናት ያዳነችኝ። ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችኝ፣ ቀሚሴን ፈታች፣ ብርድ ልብሱን ገልጣ ቱቦውን በእጇ ተከትላ ወረደች፤ ጭኔ ስር ታጥፎ ነበር። ስታቃናው ሽንቱ ከረጢቱን እየሞላ ሲወርድ ይሰማል። ደቂቃ አልፈጀም፣ ራስ ምታቱ ለቀቀኝ። ፊኛዬ ሞልቶ ሲጨነቅ አካሌ «አድኑኝ» እያለ ነበር፤ አንጎል መልሶ የሚያረጋጋበት መንገድ ግን የለውም፣ ግፊቱ ዝም ብሎ ይወጣል። ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው ሁሉ ላይ ሊደርስ ይችላል። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ በላስቲክ የተለበጠ ካርድ አለ፤ «ግፊቴ ሁልጊዜ 90/60 ነው። ከፍ ካለና ራሴን ካመመኝ አታስተኙኝ። መጀመሪያ ፊኛዬን፣ ቀጥሎ አንጀቴን፣ ቀጥሎ ቆዳዬን እዩ።» እናንተም ጻፉ። በራሳችሁ ቁጥር ጻፉት።

እና ሌሊት ሌሊት የሚመጣብኝ ሐሳብ ይሄ ነው። ክንዴ ጨርሶ እምቢ ቢልስ? እናቴ የለችም። የእህቴ ልጅ 19 ዓመቷ ነው፣ ጎበዝ ተማሪ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ቦታ ቢደርሳት «ሂጂ» ነው የምላት፤ ወገቧን በኔ ምክንያት ማሰር አልፈልግም። ለሷ ይሄንን አፍ አውጥቼ ነግሬያታለሁ። እሷም «አክስቴ፣ እኔ ስሄድ ማን እንደሚያግዝሽ ሳልሄድ እንነጋገር» አለችኝ። ትልቅ ሰው ናት። አሁን በሳምንት 3 ቀን አንዲት የሰፈራችን ሴት እየከፈልኳት ትመጣለች፤ ሳንቃውን መያዝ፣ ቆዳ ማየት፣ ካርዱን ማንበብ እያስተማርናት ነው። ክንዴ ገና ሳይሰናበተኝ።

ይሄን ለማድረግ ግን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። 32 ዓመት ሙሉ አፌ ላይ የነበረው ቃል «እችላለሁ» ነው። ያ ቃል ቤት አሠርቶኛል፣ ሥራ አስይዞኛል፣ አልክደውም። ግን ትከሻዬን የበላውም እሱ ነው። የባጃጁን ልጅም «አይ የኔ ልጅ፣ እችላለሁ» ነበር ያልኩት። ድልድዩን ብቻዬን ወጣሁ። ከዚያ 2 ቀን መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ፣ ደንበኛዬ ቀሚሷን ሳትወስድ ተመለሰች።

ቀሚሱ አሁን አልቋል፣ ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ከዚራ ላደርስላት ነው። ያ ልጅ ድልድዩ ጋ ከቆመ «ና ግፋኝ» እለዋለሁ። ከሌለም ሌላ ሰው አይጠፋም።

ሻሹ ደርቋል። ቬንትሌተሩን ላብራው። ደህና እደሩ።