ስኮርታው የት አለ? ሁለት ቀን በዴዝ ቫሊ

ሳምራዊት፦ እሺ፣ ቅዳሜ በጠዋት ከቬጋስ ተነስታችሁ ወደ ዴዝ ቫሊ፣ ወደ ካሊፎርኒያው በረሃ፣ ወጣችሁ። ስንት ነበራችሁ?

ናትናኤል፦ ሦስት። እኔ፣ ባለቤቴና ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት አጎቴ። ልብ በይ፣ ሰውየው የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበሩ። አዋሽን፣ ሚሌን በተሳቢ ሲያቋርጡ የኖሩ።

ሳምራዊት፦ ታዲያ እሳቸውን ነው በረሃ የምታስጎበኘው?

ናትናኤል፦ (ሳቅ) ገና ሳንነሳ ነው ያፈርኩት። የተከራየናትን መኪና ዞሩ ዞሩና፣ ጎማውን በእግራቸው ነካ ነካ አድርገው "ስኮርታው የት አለ?" አሉ። "ጋሼ፣ አዲስ መኪና እኮ ነው፣ ምንም አይሆንም" አልኳቸው። ዝም ብለው ገቡ።

ሳምራዊት፦ አይ አንተ! ጉዱ ሊመጣ ነው።

ናትናኤል፦ ቆይ እንጂ። በፓራምፕ በኩል የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። መጀመሪያ ዳንቴስ ቪው የሚባለው ከፍታ ላይ ወጣን፣ 1,669 ሜትር። መጋቢት ቢሆንም ነፋሱ ጃኬት ያስፈልጋል። ቁልቁል ስታዪ ወለሉ ነጭ ጨው፤ ባድዋተር ነው፣ ከባሕር ወለል 86 ሜትር በታች። ፊት ለፊት ደግሞ ቴሌስኮፕ ፒክ፣ 3,366 ሜትር፣ አናቱ በረዶ ለብሷል።

ሳምራዊት፦ አንድ ቦታ ቆመህ ጨውም በረዶም!

ናትናኤል፦ አዎ። ስንወርድ ጋሼ ከኋላ ሆነው "ፍሬን አታቃጥል፣ በማርሽ ያዘው" ይላሉ። ታች ከደረስን በኋላ ነው ትዌንቲ ሚዩል ቲም ካንየን የገባነው። አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ጠጠር መንገድ ነው፣ መግባት እንጂ መመለስ የለም፤ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚነዳው። ስሙን ያገኘው ከ1883 እስከ 1889 (እ.ኤ.አ.) ቦራክስ የሚባለውን ማዕድን ይጎትቱ ከነበሩት በቅሎዎች ነው። ሃያ ይባላሉ እንጂ 18ቱ በቅሎ፣ ሁለቱ ፈረስ ናቸው። እስከ ሞሃቪ ባቡር ጣቢያ 265 ኪሎ ሜትር ያህል።

ሳምራዊት፦ እንደ አፋር የጨው ግመሎች በለኛ።

ናትናኤል፦ ጋሼም እሱን ጀምረው እያወሩን ሳለ... ፉስስስ። የኋላ ቀኝ ጎማ።

ሳምራዊት፦ ስኮርታውስ?

ናትናኤል፦ የኋላውን ከፍቼ ምንጣፉን አነሳሁ። የጎማ ቦታ አለ፣ ጎማ የለም! አንዲት ትንሽዬ ፓምፕና ማስቲሽ የመሰለ ነገር ያለበት ጠርሙስ ብቻ። ስልኩን ባወጣ ኔትወርክ የለም። የጋሼን ፊት ማየት ፈራሁ።

ሳምራዊት፦ ምን አሉህ?

ናትናኤል፦ ምንም! እሱ ነው የከፋው። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ምራቃቸውን ጣታቸው ላይ አድርገው ጎማውን ይቀቡ ጀመር። አረፋ ያወጣበት ጋ ሲደርሱ "ይኸው" አሉ። ደግነቱ የተበሳው መሬት በሚነካው በኩል ነው፤ በጎኑ ቢሆን ጠርሙሱ ዋጋ የለውም። ቀዳዳው ወደ ታች እስኪዞር መኪናዋን ትንሽ አስነዱኝ፣ ፈሳሹን ጨመርን፣ ነፋን፤ ከዚያ ፈሳሹ ውስጡን እንዲያዳርስ ቀስ እያልን ሸለቆው ውስጥ ያለው ማረፊያ፣ ፈርነስ ክሪክ ገባን።

ሳምራዊት፦ ጉዞው በዚያው ቀረ?

ናትናኤል፦ ሎን ፓይን ከተማ ደርሰን የዊትኒን ተራራ ለማየት ነበር ሐሳባችን፣ 4,421 ሜትሩን። በተለጠፈ ጎማ አላስነሳም አሉ ጋሼ። ግን እሑድ ንጋት ላይ የመስኪት ፍላት አሸዋ ላይ ቁጭ ብለን በሶ በጠበጥን። ጾም ነው፣ ስንቁ በሶና ዳቦ ቆሎ። ፀሐይ ስትወጣ የአሸዋው ጀርባ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር ይሆናል። ጫማ አውልቀሽ ስትረግጪው እንደ ብርድ ውሃ ይቀዘቅዛል፤ በዚያ በረሃ! ባለቤቴ ዊትኒ ቀረብን ብላ ማኩረፏን እዚያ ተወችው።

ሳምራዊት፦ የመኪና አከራዩ ድርጅትስ ካሳ ጠየቀህ?

ናትናኤል፦ ጎማውን አስከፈሉኝ እንጂ! ሰኞ መኪናዋን ስመልስ ልጅቷ "ሌላ ጥያቄ አለህ?" ስትለኝ፣ ጋሼ ከኋላዬ ሆነው በአማርኛ፦ "ስኮርታው የት አለ በላት።"