ለሞተ ሰው

እሺ… ዛሬ የቤት ኪራዩን ጉዳይ ልጨርስላችሁ ነበር። ይቆይ። ትናንት ማታ እማዬ ቡና እየቀዳች «የዚያ ልጅ ጉዳይ ግን ምን ደረሰ?» አለችኝ። የቱ ልጅ? «መንገድ ላይ ያስተኙት።» ይኼን ሁሉ ዓመት ቆይታ!

ቅዳሜ፣ ኦገስት 8፣ 2015፣ ሲያትል፣ ዌስትሌክ ፓርክ። ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ሴናተር በርኒ ሳንደርስ ስለ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ስለ መንግሥት ጡረታ ማለት ነው፣ እና ስለ ሜዲኬር፣ ስለ አረጋውያን የጤና መድን፣ ሊናገር መጥቷል። እማዬ የምትታከመው በሜዲኬር ነው፤ ለእኛ የግፊት መድኃኒቷ ጉዳይ ነው እንጂ የፖለቲካ ወሬ አይደለም። ያቺን ታጣፊ ወንበሯን ዘርግታ ከፊት ተቀምጣለች። ሰውዬው ገና ንግግሩን ሲጀምር ሁለት ጥቁር ሴቶች መድረክ ላይ ወጡ።

ተናደድኩ። እውነቴን ነው፣ በጣም ተናደድኩ። ከዚያ ሁሉ እጩ መሀል እሱን? በ1963 ቺካጎ ውስጥ የትምህርት ቤት መድልዎን ሲቃወም የታሰረውን ሰው? እማዬ እጄን ጎተተችኝ፤ «ምንድን ነው የሚሉት?»

ተረጎምኩላት። ማይክል ብራውን የሚባል የ18 ዓመት ጥቁር ልጅ ሚዙሪ ግዛት፣ ፈርጉሰን የምትባል ከተማ ላይ ፖሊስ ገደለው፣ ነገ ዓመቱ ነው። አስከሬኑ አስፋልት ላይ አራት ሰዓት ተኩል ቆየ፤ አራት ደቂቃ ተኩል ዝም በሉለት ነው የሚሉት።

ብድግ አለች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። በ1970 በእኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ላይ ወንድሟን ከመንገድ ዳር አይታ ማልቀስ የተከለከለች ሴት ናት፤ ነግሬያችኋለሁ። ከኋላችን ጩኸቱ አላባራም፣ በርኒ ይናገር፣ ይውረዱልን። ዞር ብላ አየቻቸው። «ለሞተ ሰው ዝም አይባልም እንዴ?» በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። ከእኔ በቀር የሰማ የለም።

እኔ… እኔ ቁጭ እንዳልኩ ነኝ። አጠገባችን የነበረች ነጭ ሴት፣ ቅድም ውሃ ያካፈለችን፣ ደግ ሰው፣ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «እባክሽ፣ አንቺ ንገሪያቸው» አለችኝ። እኔ ምናቸው ነኝ? እኛ ቤት ጥቁር አሜሪካውያንን «እነሱ» እያልን ነው ያደግነው፣ ታውቁታላችሁ። እሷ ከእነሱ ቆጠረችኝ። ደስ አላለኝም። ለምን ደስ እንዳላለኝ ነው እስካሁን የማይለቀኝ።

ሳንደርስ ንግግሩን ሳይቀጥል ሄደ። ማታ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሺዎች ፊት ተናገረ፤ በማግስቱ የዘር ፍትሕ ፕሮግራሙ ወጣ። ጓደኛዬ «አየሽ፣ ሠራ!» ትለኛለች። ሊሆን ይችላል። ግን እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሌሊት አይጻፍም። ደግሞ ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ፊኒክስ ከተማ ላይም ሌሎች ተቃዋሚዎች አቋርጠውታል፤ ምናልባት ያኔ ነው የተጀመረው። እነዚያ ስለ ጡረታቸው ሊሰሙ ፀሐይ ላይ የቆሙት ሽማግሌዎችስ? እነሱም… እዚህ ስደርስ ሁሌ ይጠፋብኛል።

ብቻ ለእማዬ «ፖሊሱ አልተከሰሰም» አልኳት። ስኒውን ሰጠችኝ። «እናቱስ?»

እናቱ በ2019 ለፈርጉሰን ከተማ ምክር ቤት ተወዳድራ ነበር። አልተመረጠችም። ይህን አልነገርኳትም። ቡናው ሞልቶ ነበር፣ እንዳይፈስብኝ እያልኩ… እ…