«ምች ነው ብዬ ዳማከሴ ቀባሁት»

ከአዘዞ የደወሉ እናት፦ ዶክተር፣ የ4 ዓመት ልጄ አፍንጫው ሥር ቁስል ወጣበት። ምች ነው ብዬ ዳማከሴ አሽቼ ቀባሁት። በሦስተኛው ቀን አገጩ ላይ ደገመው። ቢጫ ቅርፊት ይዟል። አሁን ደግሞ እህቱም ጀመራት።

መልስ፦ እህቴ፣ ቅርፊቱ ወለላ ማር ጠብ ብሎበት የደረቀ ይመስላል? እንደዚያ ከሆነ ኢምፔቲጎ የሚባለውን የቆዳ ኢንፌክሽን እጠረጥራለሁ። ምች የምንለው የከንፈር ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በቫይረስ ነው። ይሄኛው የባክቴሪያ ነው፤ ስታፊሎኮከስ ወይም ስትሬፕቶኮከስ። ከ2 እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይበዛል። ልጁ አፍንጫውን ያካል፣ በዚያው ጣት አገጩን ይነካል፣ ፊቱን የጠረገበትን ፎጣ እህቱ ታነሳለች። በቃ፣ ተጋባ።

ቅጠሉን ይተዉት። ቅርፊቱን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አርሰው ቀስ ብለው ያንሱት። ጥፍሩን ይቁረጡለት፣ ፎጣና ትራሱን ይለዩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ለቁስሉ ግን አንድ ጆግ ይበቃል። ሁለቱንም ልጆች ጤና ጣቢያ ያሳዩ። ቁስሉ ጥቂት ከሆነ የሚቀባ አንቲባዮቲክ ይበቃል፤ ከበዛ የሚዋጥ ይታዘዛል። ሲደርቅ አይተው መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፣ አደራ።

ከማራኪ የደወሉ አባት፦ እኔ የልጄን ተመሳሳይ ቁስል ከፋርማሲ ቤታሜታሶን ገዝቼ ቀባሁት። መቅላቱ ቀነሰ፣ ከዚያ ባሰበት።

መልስ፦ ቤታሜታሶን የስቴሮይድ ቅባት ነው፤ ባክቴሪያ አይገድልም። መቅላቱን ይደብቃል፣ ውስጥ ለውስጥ ግን እንዲስፋፋ መንገድ ይከፍታል። ዛሬውኑ ያቁሙት። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ልጁ ማታ ማታ ያሳክከዋል? ጣቶቹ መካከልስ ሽፍታ አለ? ካለ ሥሩ እከክ ሊሆን ይችላል። ሲያክ ቆዳው ይላጣል፣ ባክቴሪያውም በዚያ ይገባል። ያኔ የሚታከመው ልጁ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ ነው።

በጽሑፍ የደረሰን፦ ትምህርት ቤት መቼ ይመለስ?

መልስ፦ አንቲባዮቲክ በጀመረ በ24 ሰዓቱ፤ ቁስሉን ሸፍናችሁ።

የአዘዞዋ እናት በድጋሚ፦ ከዳነ በኋላስ ዶክተር፣ የሚያሰጋ ነገር አለ?

መልስ፦ ብዙዎቹ ልጆች ጠባሳ እንኳ ሳይተውባቸው ይድናሉ። ግን እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሽንቱን ይዩልኝ። ስትሬፕቶኮከስ ከሆነ አንዳንዴ ኩላሊትን ያስቆጣል። ጠዋት ዓይኑ ሥር አብጦ ከተነሣ፣ ወይም ሽንቱ የሻይ መልክ ከያዘ፣ ነገ አይበሉ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት።