ፈረሱስ ይኸው፤ ሜዳው የት አለ?

የአገው ፈረሰኞች ለጥር 23 በዓል ወደ እንጅባራ ከመውጣታቸው በፊት በቀበሌ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አለቆች፣ አባቶችና እናቶች፣ ከወረዳና ከዞን መጥታችሁ የተገኛችሁልን እንግዶች፣ ፈረሳችሁን ጭናችሁ የመጣችሁ ወጣቶች፤ እንኳን ለዘንድሮው የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ የጋበዙኝ ስለ በዓሉ ታሪክ እንድናገር ነው። ታሪኩን ግን ከእናንተ መካከል የማያውቀው የለም። አባቶቻችን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከነፈረሶቻቸው መዋላቸውን፣ ማኅበራችንም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የዚያን ፈረስ ውለታ ለማስታወስ መሆኑን ሕፃን ሳለን ከእሳት ዳር ሰምተናል። 1932 ስንል ጠላት ገና ከአገር ጠቅልሎ አልወጣም ነበር፤ በዚያ ዘመን ስለ ዐድዋ ፈረስ ማኅበር ማቆም ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ እናንተው ገምቱት። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ እየተባሉ በፈረሳቸው ስም የተጠሩበት አገር ነው። ዛሬ አባሎቻችን ከ60 ሺህ በላይ ሆነዋል፤ እንጅባራ ላይ በጥር 23 የሚታየውን ግልቢያ፣ ሶምሶማና ጉግስ ለማየት ከሩቅ አገር ሰው ይመጣል። በዓሉ በዓለም ቅርስነት እንዲመዘገብም ጥረት እየተደረገ ነው። ይህ ሁሉ ደስ ይላል፤ እኔም እንደማንኛችሁ ደስ ይለኛል።

እኔ የመጣሁት ግን ስለ ሣር ልናገር ነው።

ፈረስ እንደ በሬ አያመሰኳም። በሬ ጠዋት የጋጠውን ከጥላ ሥር ተኝቶ ሲያላምጠው ይውላል፤ ፈረስ ግን ጨጓራው ትንሽ ስለሆነ ጥቂት በጥቂት እያለ ከቀኑና ከሌሊቱ ሰዓት ከግማሽ በላይ ሲግጥ መዋልና ማደር አለበት። ገለባ ብቻ አጭቀህ ብትሰጠው ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ፈረስ ደግሞ ማስመለስ የማይችል እንስሳ ነው፣ የበላው ካልተስማማው መሬት ላይ እየተንከባለለ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ፈረስ የሚያረባ ሕዝብ ከሁሉ በፊት ሜዳ ያስፈልገዋል። አባቶቻችን የወሉን ሜዳ ሳያርሱ የተዉት ማረሻ አጥተው አይደለም።

አሁን ባለፈው ክረምት የሆነውን ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ፤ ያልነበራችሁም ሰምታችኋል፤ ቢሆንም በዚህ ጉባኤ ፊት ተነግሮ መመዝገብ አለበት ብዬ አምናለሁ። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ አንድ የማኅበራችን አባት ከወንዙ ማዶ ዐረፉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ቤተሰባቸው እዚህ አለ። እኒህ ሰው በሕይወታቸው ሙሉ የማንም ለቅሶ ሳይቀርባቸው፣ ሁለት ወገን ተጣልቶ እርቅ በተቀመጠ ቁጥር ፈረሳቸውን ጭነው የሚደርሱ ሰው ነበሩ። እኛም እንደ ወጉ ጭነን ወጣን። እሳቸው እንዳደረጉልን ልናደርግላቸው ነው፤ ፈረሳቸው ከነኮርቻው፣ ከነግላሱ፣ ማለት ከነጌጥ ልብሱ፣ እየተሳበ ከፊት እንዲሄድ፣ እኛም ሜዳው ላይ እየዞርን እንድናለቅስላቸው ነው።

የዱሮው መንገድ በወሉ ሜዳ መካከል ነበር። ከሜዳው አፍ ስንደርስ በአጥር ተዘግቷል። በአጥሩ ውስጥ ከጉልበት ያላለፈ ደከረንስ የሚባለው የከሰል ዛፍ ችግኝ ተደርድሮ ቆሟል። አንዱ ወጣት ዘሎ ለማለፍ ዛቡን ሰብስቦ ሲነሣ አንድ ሽማግሌ ከለከሉት፤ ለቅሶ ሄደን ክስ ይዘን እንዳንመለስ ብለው። ዞረን በአስፋልቱ ሄድን። ያን ሁሉ ፈረሰኛ አስቡት፤ ጎን ለጎን መሄድ የለመደ ፈረስ በመንገዱ ጠርዝ በነጠላ ተሰልፎ፣ አስፋልቱ በዝናብ ርሶ፣ ከኋላ ከሰል የጫነ መኪና ጡሩምባውን እያስጮኸ። የሟቹ ፈረስ፣ ያ እንደ ባለቤቱ ጨዋ የነበረ ዳማ ፈረስ፣ ደንግጦ ተንሸራተተና በጉልበቱ ወደቀ። ግላሱ ጭቃ ነካ። ልጃቸው ወርዶ በነጠላው ሲጠርገው አይተናል። ፈረሱ ተነሣ፣ አነከሰ፣ እስከ መቃብሩ ድረስ እያነከሰ ሄደ።

ከለቅሶው ቤት ስንደርስ ደግሞ የምንዞርበት ቦታ የለም። ከቤቱ ፊት የነበረው መስክ ታርሷል። ፈረሶቻችንን ይዘን እንደ ገበያተኛ አጥር ሥር ቆምን። ሙሾ አውራጇ ግጥሟን አቋርጣ «ፈረሰኛው የት አለ?» ብላ ስትጠይቅ አንገታችንን ደፋን። ዐድዋ የዋለ ፈረስ ልጅ ነኝ የሚል ማኅበር ለገዛ አባቱ ለቅሶ አንድ ዙር የሚዞርበት መሬት አጣ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ በዓሉ ድምቀት ሲወራ ጆሮዬ አይሰማም።

ገበሬውን ለመውቀስ አልተነሣሁም። መሬታችን አሲዳማ ሆኗል፤ ኖራ ካልተጨመረበት ጤፍም ስንዴም እንደ ልብ አይሰጥም። ደከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ቢሆንም በዚህ አፈር ይበቅላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ተዘርቶ፣ በአራትና በአምስት ዓመት ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ልጅ ያስተምራል፣ ቆርቆሮ ቤት ያሠራል። ፋግታ ለኮማ ወረዳም ባንጃ ወረዳም ብትሄዱ ያው ነው። ሰው በገዛ ማሳው ላይ ቢተክል ምን እንለዋለን? የኔ ክርክር ከወሉ መሬት ላይ ነው። የወሉ ሜዳ የማንም ማሳ አይደለም። አንዴ «ለሥራ አጥ ወጣቶች» ተብሎ ይቆረሳል፣ አንዴ ጎረቤቱ አጥሩን በሌሊት ሁለት ክንድ ይገፋል፣ አንዴ ለግንባታ ይፈለጋል ይባላል። ዛፉ ራሱ እንኳ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሽታ ገብቶበት በየቦታው ሲደርቅ እያያችሁ ነው። ዛፉ ሲደርቅ መሬቱ ወደ ሣር ተመለሰ? አልተመለሰም። ታረሰ።

ከወረዳና ከዞን የመጣችሁ እንግዶቻችን ቅር እንዳይላችሁ፤ ወዳጅ ነው የሚናገረው። በየዓመቱ ጥር 23 ድንኳን ይተከላል፣ እናንተ ከጥላው ትቀመጣላችሁ፣ ስለ ቱሪዝም ንግግር ይደረጋል፣ በእኛ ፈረስ ላይ ወጥታችሁ ፎቶ ትነሣላችሁ። ፈረሱ በማግስቱ የት እንደሚግጥ የጠየቀ አንድ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም! «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ተብሎ የሚፎከርበት አገር ነበር፤ ፈረሱስ ይኸው ቆሟል፣ እስቲ ሜዳውን አሳዩን! ለበዓሉ ማስታወቂያ የሚወጣው ገንዘብ የሜዳውን ወሰን በድንጋይ ለማስከለል አያንስም። ቅርስ ነው ካላችሁ፣ ቅርሱ የሚበላው ሣር ነው። በወረቀት የተመዘገበ ፈረስ አይጋልብም፤ መዝገቡ ሲያምር በረቱ ባዶ ከሆነ፣ የልጅ ልጆቻችን ፈረስን በፎቶ ብቻ ሲያዩት «አባቶቻችን በዓል ሲያከብሩ ፈረሱን አስራቡት» ይሉናል፣ እውነታቸውንም ነው!

ወጣቶችም አላችሁ። ጥርሱን ሳትቈጥሩ ያልጠና ፈረስ ጭናችሁ ለግልቢያ የምታቀርቡ አላችሁ። ፈረስ ቋሚ የፊት ጥርሱን አብቅሎ የሚጨርሰው በአምስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት ጀርባውም አይጸናም። በበዓል ማግሥት ፈረሱን ለጋሪ አከራይቶ ዓመቱን ሙሉ ጀርባው ቆስሎ፣ በጥር አዲስ ግላስ አልብሶ ቁስሉን መሸፈንም የሚያስመሰግን አይደለም። ግላስ ቁስል መሸፈኛ አይደለም።

ሌሎች ጉዳዮች አሉኝ፤ ባጭሩ ልናገራቸው። የፈረስ በሽታ ክትባት ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ከክረምቱ በፊት በጋራ እንዲደርሰን አለቆቻችን ይጠይቁልን። በእግርና በደረት ላይ እየተደረደረ የሚፈነዳው እባጭ ከቁስል ወደ ቁስል፣ በዝንብና በተዋስነው ኮርቻ ይተላለፋልና ኮርቻና ልጓም አትዋዋሱ። ጠርዙ የተበላ ልጓም የፈረሱን አፍ ይሰነጥቃል፤ አንጥረኛ ዘንድ ውሰዱት። የሴት ፈረሰኞቻችን ጉዳይም በአጀንዳው አለ፤ እነሱ ራሳቸው ይናገሩበታልና እኔ አልገባበትም።

ወደ ሜዳው ልመለስና ላብቃ። የወል መሬት እንደ ግል ይዞታ ሁሉ ተለክቶ፣ ወሰኑ ታውቆ፣ ተመዝግቦ የይዞታ ደብተር ሊወጣለት ይችላል። የእኛ ሜዳ ደብተር የለውም። ደብተር የሌለው መሬት ደግሞ ሁሌም ለሚጠይቅ ሰው ክፍት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ የቀረውን ሜዳ ወሰን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ከየጎጡ ይመረጡ፤ ከበዓሉ በኋላ ባለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከወረዳው የመሬት ባለሙያ ጋር ወሰኑን በእግራቸው ይዙሩት፤ ደብተሩም በማኅበረሰቡ ስም እንዲወጣ ማመልከቻው ዛሬውኑ ተጽፎ እዚህ ለተገኙት የወረዳ ኃላፊ በእጃቸው ይሰጥ። ሜዳው ውስጥ አጥር ያለው ሰውም በእነዚሁ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ይነጋገር፤ ክስ አንሻም፣ እርቅ የማኅበራችን የቆየ ሥራ ነው።

ማመልከቻውን ጸሐፊው ይዞታል። የምትፈርሙ በቀኝ በኩል ተሰለፉ፤ መጻፍ የማትችሉ አባቶች በጣት አሻራ መፈረም ትችላላችሁ። አመሰግናለሁ።