«ሳር ቤት ብቻ!»፦ ታክሲ መንገድ የሚያቆራርጥባቸው ሁለት ውሎች

(ምስል፦ ሜክሲኮ አደባባይ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል፤ ረጅም የታክሲ ሰልፍ።)

በሥራ መውጫ ሰዓት ሜክሲኮ አደባባይ ተሰልፎ የጀሞን ታክሲ የጠበቀ ሰው ይህን ትዕይንት አሳምሮ ያውቀዋል። ታፔላው «ሜክሲኮ - ጀሞ» የሚል ሚኒባስ መጥቶ ይቆማል፤ ረዳቱ ግን በሩን ከፍቶ «ሳር ቤት! ሳር ቤት ብቻ!» ይላል። ጀሞ የሚሄደው ተሳፋሪ አማራጭ ስለሌለው ይገባል፣ ሳር ቤት ይወርዳል፣ ሌላ ሰልፍ ይይዛል፤ አንዳንዴም በዚያው መኪና ሁለተኛ ሒሳብ ከፍሎ መንገዱን ይቀጥላል። መንገድ ማቆራረጥ የምንለው ይህ ነው። ሰልፉ ላይ የሚሰማው ማብራሪያ አብዛኛውን ጊዜ የጠባይ ነው፤ ሹፌሩ ስግብግብ ነው፣ ረዳቱ ባለጌ ነው፣ ተቆጣጣሪው ዝም ብሏል ይባላል። እኛ ግን ሹፌሩ ቢቀየር እንኳ ድርጊቱ እንደማይቀየር፣ ምክንያቱም የሚመነጨው ሹፌሩ ከገባባቸው ሁለት ውሎች እንደሆነ ለማሳየት እንሞክራለን።

የመጀመሪያው ውል ሹፌሩ ከባለንብረቱ ጋር ያለው ነው። ሹፌሩ በየቀኑ «ገቢ» የሚባል ቁርጥ ገንዘብ ያስረክባል፤ ነዳጁንና የረዳቱን ድርሻ ከሸፈነ በኋላ የተረፈው የራሱ ነው። ለስሌት ያህል ገቢው 1,500 ብር ነው እንበል። ያ ገንዘብ እስኪሞላ ድረስ ሹፌሩ የሚሠራው ለባለንብረቱ ነው፤ ከሞላ በኋላ የሚገኘው ግን እስከ መጨረሻዋ ብር ድረስ የእሱ ነው። ተጨማሪ አንድ ምልልስ 300 ብር ቢያተርፍ 300ውን ብር ይወስዳል፤ እኩል ቢካፈሉ 150 ብር ይደርሰው ነበር፤ በወር ደመወዝ ቢቀጠር ደግሞ ምንም አይደርሰውም።

ባለንብረቱ ለምን በቁርጥ ተስማማ? ቀኑን ሙሉ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ስንት ሰው እንደተጫነ ሊቆጥር ስለማይችል ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን የወካይና የተወካይ ችግር ይሉታል፤ ሥራውን የሚሰጠው ሰው የሥራውን ውጤት በከፊል ቢያይም የሠራተኛውን ትጋት አያይም። በቁርጥ ሲሆን ማየትም አያስፈልገውም፤ ሹፌሩ ራሱን ይቆጣጠራል። ዋጋው ግን ሥጋቱ በሙሉ በሹፌሩ ጫንቃ ላይ መውደቁ ነው። ዝናብ ቢጥል፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ነዳጅ ሲጠብቅ ግማሽ ቀን ቢያልፍ ገቢው ያው 1,500 ብር ነው።

ገበሬው ይህን ሚዛን ከኛ በፊት ያውቀዋል። ጭሰኝነትን ያስቀረው የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ከወጣ በኋላም በብዙ የገጠር ቀበሌ መሬትን በእኩል ማሳረስ አልቀረም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆሴፍ ስቲግሊትዝ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ በእኩል የሚያርስ ሰው ከላቡ ፍሬ ግማሹን ስለሚያጣ ትጋቱ ይቀንሳል፣ በምትኩ ግን ዝናብ በቀረበት ዓመት ጉዳቱን ባለመሬቱ ይጋራዋል። ትጋትን የሚያጠነክር ውል ሥጋትን ያከብዳል፤ ሥጋትን የሚያቀል ውል ትጋትን ያላላል።

ይህ ብቻ ቢሆን ጉዳዩ የሹፌሩና የባለንብረቱ ሆኖ ይቀር ነበር። ተሳፋሪውን የሚነካው ሁለተኛው ውል፣ ማለትም የታሪፍ ሠንጠረዡ ነው። ታሪፍ በርቀት እርከን ሲወጣ የመጀመሪያው እርከን በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከሁሉም ይወደዳል። ሙሉው መንገድ 30 ብር፣ ግማሾቹ ግን እያንዳንዳቸው 20 ብር ናቸው እንበል። መንገዱን ለሁለት የሚከፍል ሹፌር ከአንድ መቀመጫ 10 ብር፣ ከ12 መቀመጫ 120 ብር በአንድ ጉዞ ያገኛል፤ በመጀመሪያው ውል መሠረት ደግሞ 120ው ብር በሙሉ የእሱ ነው። ሁለቱ ውሎች ተለያይተው ሲታዩ ምክንያታዊ ናቸው፤ ሲገናኙ ግን «ሳር ቤት ብቻ» የሚል ድምፅ ያወጣሉ።

(ምስል፦ ሁለቱ ውሎች በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን፤ የ120 ብሩ ስሌት።)

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ቤንግት ሆልምስትሮምና ፖል ሚልግሮም እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት ጽሑፍ እዚህ ላይ ይረዳናል። አንድ ሠራተኛ ብዙ ተግባር ሲኖረውና ከተግባሮቹ የሚለካው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ለሚለካው ጠንካራ ማትጊያ መስጠት የማይለካውን ያስጥለዋል ይላሉ። የሹፌሩ የሚለካ ተግባር ገንዘብ ማስገባት ነው። ቀስ ብሎ መንዳት፣ ታፔላው የሚለው ድረስ ማድረስ፣ የፍሪሲዮኑንና የጎማውን ዕድሜ መጠበቅ የሚለካላቸው የለም። ስለዚህ ጽሑፉ እነዚህ ነገሮች ከልብ የሚፈለጉ ከሆነ የገንዘቡ ማትጊያ ሆን ተብሎ መላላት አለበት ወደሚል፣ መጀመሪያ ሲሰሙት ግር ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል። ሆልምስትሮም ስለ ውል ባደረገው ምርምር ከኦሊቨር ሃርት ጋር እ.ኤ.አ. የ2016 የኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል።

ታዲያ ሹፌሩን ሁሉ በደመወዝ ብንቀጥርስ? የአንበሳ አውቶቡስ ሹፌር ደመወዝተኛ ነው፤ በየሠፈሩ እያቆራረጠም ሁለተኛ ትኬት አያስቆርጥም፤ ቢያደርገው የሚያገኘው ነገር የለም። ነገር ግን ደመወዝን መፍትሔ ብሎ ከመዝጋት በፊት የሁለት ከተሞችን ታሪክ ማየት ይበጃል። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ የአውቶቡስ ሹፌሮች በተሳፋሪ ቁጥር ይከፈላቸው ስለነበር መንገድ ላይ ለተሳፋሪ የሚያደርጉት እሽቅድምድም «የሳንቲም ጦርነት» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ የተጀመረው ትራንስሚሌኒዮ ለኩባንያዎች በዋናነት አውቶቡሱ በሮጠው ኪሎ ሜትር መክፈል ሲጀምር በእነዚያ መንገዶች እሽቅድምድሙ ቀረ። በቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2007 ሥራ የጀመረው አዲስ ሥርዓት ለኩባንያዎች የተሳፋሪው ቁጥር ብዙም የማያናውጠው ገንዘብ ዋስትና ሰጣቸው፤ ኩባንያዎቹም አውቶቡስ ለማሰማራት የሚቸኩሉበት ምክንያት አልነበራቸውም፤ ሕዝቡ ጣቢያ ላይ ቆሞ ቀረ። ሁለቱም ከተሞች ማትጊያውን አላልተዋል፤ አንደኛዋ በምትኩ የምትለካው ሌላ ነገር፣ ማለትም የተሮጠው ኪሎ ሜትር፣ ነበራት፤ ሁለተኛዋ ግን በጅማሮው ላይ አልነበራትም።

ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሌላም ችግር አለበት፤ የሚቆጣጠረው ድርጅት እውነተኛ ወጪ ስንት እንደሆነ ድርጅቱ ያውቃል፣ እሱ ግን አያውቅም። ታሪፍ ይሻሻል የሚል ጥያቄ ሲቀርብ ሁሉም ወጪው እንደከበደ ይናገራል፤ የከበደበትና ያልከበደበት በንግግር አይለዩም። ፈረንሳውያኑ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ዣን ዣክ ላፎንና ዣን ቲሮል እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ያቀረቡት መላ ለሁሉም አንድ ውል ከማውጣት ይልቅ የውል ዝርዝር ማቅረብ ነው። በአንደኛው ውል ክፍያው ቁርጥ ነው፤ የቆጠበ ቁጠባው የራሱ፣ ያባከነ ኪሳራው የራሱ ነው። በሌላኛው ውል አብዛኛው ወጪ ይተካለታል፣ ትርፉ ግን ጠባብ ነው። ወጪውን መቀነስ እንደሚችል የሚያውቅ ድርጅት በገዛ ፈቃዱ ቁርጡን ይመርጣል፤ በእውነት የከበደበት ሁለተኛውን ይመርጣል። ምርጫው ራሱ ምስክር ይሆናል። ነፃ አይደለም፤ ጎበዙ ድርጅት ከወጪው በላይ የሆነ ትርፍ ይዞ ይሄዳል፣ መንግሥትም ይህን ዓይቶ መታገስ አለበት። ቲሮል በዚህና በተዛማጅ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ኖቤል ሲሸለም ላፎን ካረፈ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር።

«ዓይቶ መታገስ» ያልነው ቀላል ነገር አይደለም። ሹፌሩ ጥሩ እያገኘ መሆኑን ባለንብረቱ ሲሰማ በሚቀጥለው ወር ገቢው ከ1,500 ወደ 1,800 ብር ይወጣል። ይህን የሚያውቅ ሹፌር ደግሞ ጥሩ ቀን እንደነበረው ለማንም አይናገርም፤ «ዛሬ ሥራ የለም» ማለት ልማዱ ይሆናል። ተቆጣጣሪና ኩባንያም እንዲሁ ናቸው፤ ያተረፈ ሁሉ በሚቀጥለው ክለሳ የሚቆረጥበት ከሆነ ማትረፍን ይደብቃል ወይም ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 የብሪታኒያ ቴሌኮም ወደ ግል ሲዛወር ደንበኞቹን ሊያስከፍል የሚችለው የዋጋ ጣሪያ ለዓመታት እንዲጸና የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

(ምስል፦ ወደ ሜክሲኮ ሰልፍ መመለስ።)

የታሪፍ ሠንጠረዡን ማስተካከል ቀላሉ ሥራ ይመስለናል፤ የግማሾቹ ድምር ከሙሉው ብዙ እንዳይበልጥ ቢደረግ ሳር ቤት ላይ ማውረድ የሚያስገኘው ትርፍ ይጠፋል። የገቢው ውል ግን ይከብዳል። ሒሳቡ ሁሉ በቴሌብር ቢከፈልና ባለንብረቱ የቀኑን ድምር ማታ በስልኩ ቢያይ፣ በቁርጥ ከመስማማት ወደ ድርሻ መሄድ ይቻል ነበር፤ ዝናብ የጣለበትን ቀንም ሁለቱ ይጋሩት ነበር። ይህ ሐሳብ የቀረበለት ሹፌር ግን በመጀመሪያ የሚጠይቀው ድርሻው ስንት እንደሆነ አይመስለንም። የሚጠይቀው ባለንብረቱ ድምሩን ካየ በኋላ ድርሻውን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንደማይነካበት በጽሑፍ ይፈርም እንደሆነ ነው።